ስለ ጋሞ በጀርመንኛ የተጻፈውን ማን ያንብብልን?

ሄልሙት ሽትራውበ የተባለ ጀርመናዊ የሥነ ሰብ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1963 ሽቱትጋርት ላይ ያሳተመው መጽሐፍ የጋሞን ደጋ ሕዝብ ሥርዓትና ኑሮ በሰፊው ይተነትናል። መጽሐፉ የፍራንክፈርቱ ፍሮቤኒዩስ ተቋም ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ካወጣቸው ተከታታይ ጥራዞች ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያውን አዶልፍ የንዘን እ.ኤ.አ. በ1959 አዘጋጅቶ አወጣው፤ ሦስተኛው ደግሞ አይከ ሃበርላንት ስለ ኦሮሞ የጻፈው ነው። ሁሉም የተጻፉት በጀርመንኛ ነው። መረጃው የተሰበሰበበት እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹ ዘመን ለጋሞ ታሪክ ልዩ ዋጋ አለው። የምኒልክ ጦር ደጋውን ከመያዙ በፊት የነበረውን አስተዳደር በልጅነታቸው ያዩ አዛውንት ያኔ በሕይወት ሊገኙ ይችሉ ነበር፤ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅም ገና አልመጣም። የካዎዎችን (የባህላዊ ነገሥታቱን) ሥልጣን፣ የሃላቃን ሹመትና ድግስ፣ የዱቡሻን ሸንጎ ታሪክ ለማጥናት የተነሳ ሰው ይህን ጥራዝ ዘሎ ማለፍ አይገባውም። ፈረንሳዊው ዳን ስፐርበር በጋሞ ደጋ ካለችው ዶርዜ ተነስቶ የጻፈው የምልክት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝኛ ስለወጣ በዓለም ዙሪያ ተነበበ። የሽትራውበ ሥራ ግን ለጀርመንኛ አንባቢ ብቻ ተከፍቶ ቀረ። የጀርመን ቋንቋ፣ ሥነ ጽሑፍና ባህል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለጋሞዋ ከተማ ለአርባ ምንጭ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ትምህርቱን ከጋሞ የራሱ መዝገብ ጋር አገናኝቶ ማየት ይገባል።

ትምህርቱ ጀርማኒስቲክ ይባላል። በጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ሁለተኛ ዲግሪው አብዛኛውን ጊዜ አራት ሴሚስተር ይፈጃል፤ የመጨረሻው ሴሚስተር ለመመረቂያ ጽሑፍ ይውላል። ሥነ ልሳን፣ የመካከለኛው ዘመን ጽሑፍና አዲሱ ሥነ ጽሑፍ የቆዩት ሦስት ዘርፎቹ ናቸው። ለውጭ አገር ሰው የሚቀርቡት ግን ሌሎች ሁለት ቅርንጫፎች ይመስሉኛል። አንደኛው ጀርመንኛን እንደ ባዕድ ቋንቋ የማስተማር ጥናት ሲሆን፣ በዚህ ረገድ እ.ኤ.አ. በ1956 የተቋቋመው የላይፕሲግ ሄርደር ተቋም ስሙ የታወቀ ነው። ሁለተኛው እንደ ባይሮይት ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ያደገው፣ የጀርመንን ባህል ከሌሎች ባህሎች ጋር እያስተያየ የሚመረምረው ዘርፍ ነው። መግቢያው ቀላል አይደለም። የአውሮፓው የቋንቋ መለኪያ ከኤ1 እስከ ሲ2 ስድስት ደረጃ ሲኖረው፣ ለዚህ ትምህርት በአብዛኛው አምስተኛው፣ ማለትም ሲ1፣ ይጠየቃል። ከዜሮ ለሚነሳ ሰው ያ የዓመታት ትጋት ነው። ተማሪው በየሴሚናሩ አንድ ጽሑፍ መርምሮ፣ ምንጭ ጠቅሶ፣ የራሱን ክርክር በጀርመንኛ ያቀርባል። የድሮ ጥራዝን አንብቦ፣ ተችቶና ተርጉሞ ለወገን ለማቅረብ የሚያስፈልገው ሙያም ይኸው ነው።

ኢትዮጵያውያን ለጀርመን የምርምር ዓለም እንግዳ አይደሉም። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ እ.ኤ.አ. በ1652 ጎታ ከተማ ተቀምጠው ለጀርመናዊው ምሁር ለሂዮብ ሉዶልፍ ግእዝንና አማርኛን ባያብራሩለት ኖሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1698 ፍራንክፈርት ላይ የታተሙት የአማርኛ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ባልኖሩ ነበር። አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም እ.ኤ.አ. ከ1905 እስከ 1908 በርሊን አስተምረዋል። በሁለቱም ዘመን ግን ኢትዮጵያዊው ዕውቀቱን ሲሰጥ፣ በጀርመንኛ ወይም በላቲን ጽፎ መጽሐፉን የያዘው ሌላው ነበር። ይህን የገለበጠው ልጅ አስፋ ወሰን አሥራተ ካሳ ነው። አዲስ አበባ በጀርመን ትምህርት ቤት ተምሮ፣ ፍራንክፈርት ላይ ስለ ሸዋ ታሪክ የዶክትሬት ጥናቱን ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ጨዋነት ደንብ በጀርመንኛ ያሳተመው መጽሐፍ በዚያ አገር በሰፊው ተሸጠ፤ በዓመቱም ጀርመንኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ደራስያን ይሰጥ የነበረውን የሻሚሶ ሽልማት አገኘ። ልጅ አስፋ ወሰን በመኳንንት ቤት ያደገ ነውና ዕድሉ የጋሞዋ ጨንቻ ገበሬ ልጅ ዕድል አይደለም። ቢሆንም አንድ ኢትዮጵያዊ ለጀርመኖች መረጃ ከማቀበል አልፎ በቋንቋቸው ተደማጭ ደራሲ ሊሆን እንደሚችል በተግባር አሳይቷል።

ዛሬ የሚቀርበው የመጀመሪያው ተቃውሞ የትርጉም ማሽን ነው፤ ስልክ የሚተረጉመውን ለመማር ዓመታት ማባከን ለምን ይላሉ። ማሽኑ የጽሑፉን ጠቅላላ ሐሳብ ለመያዝ እንደሚረዳ አልክድም። ለታሪክ ማስረጃ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱንም አንዲት የሰዋስው ነጥብ ታሳያለች። ጀርመናዊ ጸሐፊ አንድን ነገር በራሱ ኃላፊነት ሲናገር «ኢስት» የሚለውን ግሥ ይጠቀማል፤ ሽማግሌዎች የነገሩትን ሲያስተላልፍ ግን «ዛይ» ይለዋል። ካዎው የመሥዋዕቱ ባለቤት «ኢስት» ከተባለ ተመራማሪው አረጋግጧል ማለት ነው፤ «ዛይ» ከተባለ ግን የነገሩት ሰዎች ቃል ነው፣ እሱ አልፈረመበትም። በአማርኛ «ነው» እና «ነው ይላሉ» ብለን የምንለየውን እነሱ በአንድ ግሥ ቅርጽ ይለዩታል። ችኩል ትርጉም ሁለቱንም «ነው» ሲያደርጋቸው፣ የአንድ መንደር አዛውንት አስተያየት የመላው ጋሞ ሕግ ሆኖ ይወጣል። ወደ 40 የሚጠጉ ደሬዎች (የጋሞ ባህላዊ የግዛት ክፍሎች) ባሉበትና ወጉ ከደሬ ደሬ በሚለያይበት ደጋ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም። በዚህ ላይ ማሽኑ የጋሞኛን የሹመትና የሥርዓት ስሞች አያውቃቸውም፤ በጀርመን አጻጻፍ ልማድ «ቸ» በአራት ፊደላት ይጻፋል፣ እንግሊዝኛ የለመደ ዓይን «ጀ» ብሎ የሚያነበውም ፊደል «የ» ነው። ስሙን ከነቦታው የሚያውቅ የአገሬው ልጅ ብቻ ነው አርሞ የሚያነበው። ደግሞም ለእኛ አንድ መልካም ነገር አለ፦ እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቀውን ሰው የሚያስጨንቀው፣ በጥገኛ ሐረግ መጨረሻ ላይ የሚቀመጠው የጀርመንኛ ግሥ፣ ግሥን በመጨረሻ ማስቀመጥ ለለመደ የጋሞኛና የአማርኛ ተናጋሪ ያን ያህል እንግዳ አይደለም።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ ጥራዞቹ ራሳቸው የተዛቡ ናቸው የሚለው፣ ይከብዳል፤ ውስጡም እውነት አለ። ሽትራውበና ባልደረቦቹ ከሊዮ ፍሮቤኒዩስ ትምህርት ቤት የወጡ፣ በየባህሉ ሥር የተቀበረ ጥንታዊ ሽፋን የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ። ጥንታዊውን ሲያሳድድ የኖረ ዓይን በጊዜው የነበረውን ገበያና ግብር፣ ወደ አዲስ አበባም የሚፈልሰውን ሸማኔ ሊያሳንሰው ይችላል። የሽትራውበ ርእስ ራሱ የአካባቢውን ሕዝቦች ምዕራብ ኩሻውያን ይላቸዋል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የቋንቋ ተመራማሪው ሃሮልድ ፍሌሚንግ ቋንቋዎቹን ኦሟዊ በሚል ራሱን የቻለ ቤተሰብ ለያቸው። እንዲህ ከሆነ ጥራዞቹ ይቅሩ የሚል ግን መደምደሚያውን ገልብጦታል። ጉድለት ያለበት ምስክር በሌላ ምስክር ይፈተናል እንጂ ከችሎት አይባረርም። መፈተን የሚችለው ደግሞ የምስክሩን ቋንቋና የመጣበትን የአስተሳሰብ ወገን የሚያውቅ ነው፤ የድኅረ ምረቃው የባህልና የአስተሳሰብ ታሪክ ክፍል የሚያስታጥቀውም ለዚህ ነው። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው፣ በቁጣ በተነሱ ወጣቶች ፊት ተንበርክከው አርባ ምንጭን ከጥፋት ሲያድኑ አገር አይቷል። ያ ሥርዓት ስንት ዘመን እንደተሻገረና በምን በምን እንደተለወጠ ለመናገር፣ የዛሬዎቹን ሽማግሌዎች ቃል እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ከተመዘገበው ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። ቅድሚያው የሽማግሌዎቹ ነው፤ የጀርመኖቹ ጽሑፍ ማነጻጸሪያ ነው።

የገንዘቡ ጥያቄም ተገቢ ነው። በአብዛኞቹ የጀርመን ግዛቶች የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ለሚመጡት በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች። የሚከብደው ለቪዛ በዝግ ሒሳብ እንዲቀመጥ የሚጠየቀው የኑሮ ገንዘብ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2024 ጀምሮ ለአንድ ዓመት 11,904 ዩሮ ሆኗል። ያለ ስኮላርሺፕ ይህን የሚችል የጋሞ ቤተሰብ ጥቂት ነው። ቋንቋውን ለመጀመርም የጎቴ ተቋም ያለው ከአርባ ምንጭ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ ነው። ስለዚህ መቶ ተማሪ ይመዝገብ አልልም፤ ለብዙ ሰው የሚሆን ሥራም በዚህ ዲግሪ አይገኝም። የሚያስፈልጉት ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ናቸው፤ ጋሞኛን አጥርተው የሚናገሩ፣ በቋንቋ ወይም በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው፣ ተመልሰው የሚያስተምሩ። በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተጀመረው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለኢንጂነሪንግ መምህራኑ የውጭ ትምህርት ዕድል ሲፈልግ እንደሚያደርገው ሁሉ፣ ለእነዚህም የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎትን በር ያንኳኳላቸው። የመመረቂያ ጽሑፋቸውም አስቀድሞ ይወሰን፦ የሽትራውበ የጋሞ ክፍል ከነማብራሪያው፣ ከነእርማቱ፣ በጋሞኛና በአማርኛ።