ከጠርዝ ገብቶ በገጽ ስለሚወጣ ብርሃን

በባምባሲም ሆነ በሌላ ከተማ ስልክ በሚጠግኑ ወጣቶች ጠረጴዛ ላይ የቁልፍ ስልክ መስተዋት ሲፈታ ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም። ከመስተዋቱ ኋላ ስስ የፕላስቲክ ገበታ አለ፤ ትንንሾቹ መብራቶች ግን የተደረደሩት በአንድ ጠርዙ በኩል ብቻ ነው። እንግዲያስ ገጹ በሙሉ እኩል የሚበራው ስለ ምን ነው? እኔ የአርት ፋኩልቲ ተማሪ ብሆንም፣ ከሳይንስ ፋኩልቲ ወንድሞቼ ጋር ተከራክሬ የተረዳሁትን ለአንባቢ አቀርባለሁ።

ገበታው ብዙ ጊዜ የሚሠራው አክሪሊክ ከሚባለው ፕላስቲክ ነው። የአክሪሊክ ብርሃን የመስበር መጠን 1.49 ያህል ስለሆነ፣ በውስጡ የሚጓዝ ጨረር በገጹ ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመው መስመር ከ42 ዲግሪ በላይ ዘንበል ብሎ ቢመታ መውጫ አያገኝም፤ ሁለንተናው ወደ ውስጥ ይመለሳል። የጄኔቫው ሊቅ ኮላዶን ብርሃን በውሃ ፍሳሽ ውስጥ ታስሮ እንደሚጓዝ በ1842 እ.ኤ.አ. ጽፎ ነበር፤ ነገሩ ያው ነው።

ስለዚህ ልሙጥ ገበታ ብርሃኑን ወደ ሌላው ጫፍ ያሻግራል እንጂ ለዓይን አይሰጥም። እንዲወጣ ከተፈለገ ልስላሴው መበላሸት አለበት። በገበታው ጀርባ የሚታዩት ነጥቦች ሆን ተብለው የተደረጉ ጉድለቶች ናቸው፤ ጨረሩ ሲነካቸው አቅጣጫው ይለወጥና ያመልጣል። በቀለም የታተሙ ከሆኑ፣ ቆሻሻ መስሎት የሚፈትጋቸው ጠጋኝ ስልኩን ያጨልመዋል!

ጭንቁ ያለው በድልድሉ ላይ ነው። በድግስ ወጥ የሚያወጣ ሰው ለፊተኞቹ ጭልፋውን እየሞላ ከሰጠ ለመጨረሻው ረድፍ ምን ይተርፋል? ገበታውን በአሥር ከፍለን ብርሃኑ ሁሉ እኩል እንዲወጣ ብንሻ፣ የመጀመሪያው ክፍል ከደረሰው አንድ አሥረኛውን ብቻ፣ ስድስተኛው አንድ አምስተኛውን፣ ዘጠነኛው ግማሹን ማውጣት አለበት። ስለዚህም ነጥቦቹ በመብራቱ አጠገብ ተራርቀው፣ እየራቁ ሲሄዱ ተቀራርበው ወይም ተልቀው ይደረጋሉ።

ሻጋታ እያስቀረጹ መሞከር ውድ ስለሆነ ሥራው እንደ ላይትቱልስና ትሬስፕሮ ባሉ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ይከናወናል። ብዙ ሺሕ ነጥብ አንድ በአንድ መሣል ኮምፒዩተሩን ያደክመዋልና፣ ነጥቡን አንድ ጊዜ ቀርጸው መጠኑና ርቀቱ የሚለወጥበትን ቀመር ይሰጡታል። ከዚያም በዕጣ የተመረጡ ጨረሮች ይለቀቃሉ። እዚህ ላይ ትዕግሥት ያሻል። በአንዲት የገጹ ካሬ 100 ጨረር ብቻ ቢወድቅ የቁጥሩ መዋዠቅ 10 በመቶ ያህል ነው፤ ወደ 1 በመቶ ለማውረድ 10,000 ያስፈልጋል። ካሬዎቹ 10,000 ቢሆኑ መቶ ሚሊዮን ጨረር ማለት ነው። ቸኩሎ ያቆመ ሰው የዕጣውን ዝንጉርጉርነት የገበታው ጉድለት ይመስለውና ደኅናውን ነጥብ ያነሣል።

ደግሞም በፕሮግራሙ ውስጥ የነጥቡ ጠርዝ ስለታም ነው፤ ከሻጋታ ሲወጣ ግን ይደነዝዛል፣ የሚያወጣው ብርሃንም ይለወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ገበታ ብሩህነቱ በመሣሪያ ተለክቶ ቀመሩ እንደገና ይታረማል።