የታሰረ ሩር፦ በገና ጨዋታ የዱላ አመታትን ለማስተማር ስለሚያገለግል መርጃ መሣሪያ

ታኅሣሥ ገብቶ አዝመራው ሲሰበሰብ፣ በጎንደር ከተማ በቀሐ ወንዝ አካባቢም ሆነ በወገራና በዳባት ደጋ፣ ሰብሉ የተነሣለት ማሳ ለገና ጨዋታ ምቹ ሜዳ ይሆናል። የሚያስፈልገው ጫፉ የቆለመመ ዱላና ሩር ብቻ በመሆኑ፣ በጀት ለሚያንሰው የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ከዚህ የቀረበ የትምህርት መሣሪያ አይገኝም። ይሁንና ጨዋታው ወደ ክፍለ ጊዜው እንዳይገባ የሚያግድ አንድ ሥጋት አለ፤ ይኸውም ዱላው ሩሩን ስቶ የጓደኛን ቅልጥም ያገኛል የሚለው ነው። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ስለዚህ ልጁ ወደ ግጥሚያ ከመግባቱ በፊት የዱላ አመታትን ሊማር ይገባል።

ይህ ጉዳይ በስፋት የተጠናው በጎልፍ ነው። ጎልፍ ለአብዛኞቹ ተማሪዎቻችን በዝና እንጂ በዓይን የማይታወቅ ቢሆንም፣ ከገና ጋር የሚጋራው ነገር አለ፤ በሁለቱም ረጅም ዱላ በሁለት እጅ ተይዞ መሬት ላይ ያለች ትንሽ ኳስ ትመታበታለች። በሁለቱም ኃይሉ ከክንድ አይጀምርም። የሰውነት ክብደት ከኋለኛው እግር ወደ ፊተኛው ይዛወራል፤ ዳሌ ይዞራል፤ ትከሻ ይከተላል፤ ክንድና የእጅ አንጓ በመጨረሻ ይደርሳሉ። ፍጥነቱም በዚህ ቅደም ተከተል እየተጠራቀመ ወደ ዱላው ጫፍ ይተላለፋል። ጀማሪ ልጅ ግን በክንዱ ብቻ ስለሚመታ፣ የጎደለውን ኃይል ለማካካስ ዱላውን ከራሱ በላይ ያነሣል። ለአደጋ የሚዳርገውም በአብዛኛው ይኸው ነው።

በሠለጠነ የጎልፍ ተጫዋች እጅ፣ ዱላው ከላይ ወርዶ ኳሱን እስኪነካ የሚፈጀው ጊዜ የአንድ ሰከንድ ሩብ ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ውስጥ «ክንድህን ዘርጋ፤ ጉልበትህን እጠፍ» የሚለውን የመምህር ቃል አስቦ መፈጸም አይቻልም። መርጃ መሣሪያ የሚያስፈልገውም ከዚህ የተነሣ ነው። ጎልፍ ተጫዋቾች ክንዳቸው ከደረታቸው እንዳይርቅ በብብታቸው ፎጣ ይይዛሉ፤ አቅጣጫ ለማስተካከልም ዘንግ መሬት ላይ ያጋድማሉ። ለሽያጭ የሚቀርበው ዕቃ ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን ከፎጣውና ከዘንጉ የተሻለ ሥራ ይሠራል ለማለት ያስቸግራል።

ለገና የሚስማማው መርጃ በማንኛውም ትምህርት ቤት ሊዘጋጅ ይችላል። በጨርቅ የተጠቀለለ ኳስ በሁለት ክንድ ገመድ ከካስማ ጋር ይታሰራል። ኳሱ የሚሄድበት አቅጣጫ በአመድ ይሰመራል። ከተማሪው በስተኋላ፣ ዱላው በሚነሣበት በኩል፣ በሁለት እንጨቶች መካከል በወገብ ቁመት በቀላሉ የሚበጠስ ክር ይወጠራል። ልጁ ዱላውን ከልክ በላይ ሲያነሣ ክሩን ይነካል፤ ስሕተቱንም ያለ ተቆጪ ያውቃል።

ክሩ ሌላም ጥቅም አለው። በ1999 እ.ኤ.አ. ጋብሪኤለ ቩልፍና የምርምር ባልደረቦቿ ጎልፍ ተጫውተው የማያውቁ ሰዎችን በሁለት ቡድን ከፍለው አሠልጥነው ነበር። አንዱ ቡድን በክንዱ እንቅስቃሴ ላይ፣ ሌላው በዱላው እንቅስቃሴ ላይ እንዲያተኩር ተነገረው። ኳሱን ወደ ዒላማው ይበልጥ ያቀረበው ዱላውን ያሰበው ቡድን ሆኖ ተገኘ፤ ብልጫውም በልምምዱ ብቻ ሳይወሰን ከዚያ በኋላ በተደረገው ፈተና ታየ። ክሩም የልጁን ሐሳብ ከገዛ ክንዱ አንሥቶ ወደ ዱላው ይወስደዋል።

እዚህ ላይ ግን ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሳልሞኒ፣ ሽሚትና ዋልተር በ1984 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሰፊ ግምገማ እንዳመለከቱት፣ በየሙከራው የሚሰጥ እርማት በልምምድ ሰዓት ውጤትን ያሳምራል፤ ነገር ግን ተማሪው በእርማቱ ላይ ስለሚደገፍ፣ ድጋፉ ሲነሣ የተማረው አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ክር ባለበት ዱላውን ዝቅ የሚያደርግ ልጅ ክር በሌለበት ከፍ የሚያደርግ ከሆነ፣ የተማረው ክሩን መሸሽ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጥቂት ምቶች በኋላ ክሩ ይነሣ፤ እንደገና ይወጠር፤ ቀስ በቀስም የሚነሣበት ጊዜ ይርዘም። ፈተናው ደግሞ በሌላ ቀን ያለ ክር ይሰጥ። ክሩ ተወጥሮ ሳለ የታየ ምት ለጎብኚ ኃላፊ ዓይን ደስ ይላል፤ በውጤት መዝገብ ላይ ግን ሊሰፍር አይገባውም።

ከጎልፍ የተወሰደው ሁሉ ለገና አይበቃም። የጎልፍ ኳስ ቆሞ ይጠብቃል፤ የሚሻማውም የለም። ሩር ግን ትሮጣለች፤ ዙሪያዋንም ሰው ይከብባታል። በመሆኑም ልጁ የታሰረውን ኳስ ያለ ክር በደንብ መምታት ከቻለ በኋላ ኳሱ ከገመዱ ይፈታና መምህሩ በዝግታ ያንከባልልለታል፤ ከዚያም ፍጥነቱን ይጨምራል። ቀጥሎ ዱላ ያልያዘ ጓደኛ ከአምስት እርምጃ በማያንስ ርቀት በጎኑ ይቆማል፤ ልጁም ከመምታቱ በፊት ቀና ብሎ ጓደኛው የቆመበትን ስፍራ በቃል ይናገራል። የእንጨቱ ሩር በጨርቁ ኳስ ፈንታ የሚገባው ይህን ሳይሳሳት ደጋግሞ ሲፈጽም ነው።