ጥርስን የሚበላውና የሚጠብቀው

በኮንና በአካባቢው ደጋ ጥርሱን የታመመ ሰው «ጥርሴን ትል በላኝ» ይላል። ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ይል ይሆናል፤ ዳሩ ግን አባባሉ ከእውነቱ እጅግ የራቀ አይደለም። የሚበላ ሕያው ነገር አለ፤ እርሱም ትል ሳይሆን በዓይን የማይታይ ባክቴሪያ ነው። እኛ እዚህ ልንገልጽ የምንሻው ግን በዚያው አፍ ውስጥ አብሮት ስለሚኖረው፣ ጥርስን ስለሚጠብቀው ሌላ ወገን ነው።

ሆላንዳዊው ሌቨንሁክ በ1683 እ.ኤ.አ. ከጥርሱ የፋቀውን ነጭ ነገር በአጉሊ መነጽር ቢያይ የሚንቀሳቀሱ ጥቃቅን ፍጥረታት አገኘበት። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በበርሊን ያስተምር የነበረው አሜሪካዊው ሚለር በ1890 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የጥፋቱን መንገድ አስረዳ፤ ይኸውም ባክቴሪያዎቹ በአፍ የቀረውን ስኳርና ስታርች ወደ አሲድ ይለውጣሉ፤ አሲዱም ጥርሱን ያሟሟዋል። ከእነዚህ ዋነኛው ስትሬፕቶኮከስ ሙታንስ የሚባለው ነው።

እንግዲህ ጣፋጭ በቀመስን ቍጥር እንዲህ የሚሆን ከሆነ፣ ጥርስ የሚባል ነገር በአፋችን እንዴት ሊተርፍ ቻለ? አንደኛው መልስ ምራቅ ራሱ ነው፤ አሲዱን ያጥባል፣ ያበርዳል፣ ከጥርስ የወጣውንም ካልሲየምና ፎስፌት ይመልሳል። ሁለተኛው መልስ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። በምራቅ ውስጥ ዩሪያና አርጂኒን የተባሉ ነገሮች አሉ። ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪዩስ ዩሪያውን፣ ሳንጒኒስ የተባለው ዘመዱ ደግሞ አርጂኒኑን እየሰበሩ አሞኒያ ያወጣሉ፤ አሞኒያውም የአሲዱን ኃይል ያደክማል። ሳንጒኒስ ከዚህም በላይ ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ አምርቶ የሙታንስን ዕድገት ይገታል። በ2016 እ.ኤ.አ. የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሰው አፍ ያገኙት ኤ12 የተባለ ባክቴሪያ ሁለቱንም ሥራ አጣምሮ መሥራቱን በቤተ ሙከራ አሳይተዋል።

ስለዚህ አፍን ከባክቴሪያ ሁሉ ማጽዳት የሚቻልም የሚበጅም አይደለም። ጥያቄው ማን ይበረታል ነው። አፍ ዘወትር አሲድ ከሆነ፣ አሲድ የሚችለው ሙታንስ ይበዛል፤ ጠባቂዎቹ ይመነምናሉ።

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከመጀመሩ በፊት ስኳር ለደጋው ገበሬ የዕለት ምግብ አልነበረም፤ ምግቡ እንጀራ፣ በሶና የገብስ ቆሎ ነበር። ዛሬ ሻይ በስኳር፣ ከረሜላና ለስላሳ በየሱቁ አለ። ጕዳቱም በመጠኑ ብቻ ሳይሆን በድግግሞሹ ነው። ሻዩን በአንድ ጊዜ ጠጥቶ የጨረሰ ሰው አፉ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ያገግማል፤ ያንኑ ሻይ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት የሚጎነጭ ግን አፉ ዕረፍት የለውም። (ለፈተና ሲያጠና የሚያድረው ጓደኛችን ልብ ይበል!) በእንቅልፍ ጊዜ ምራቅ ስለሚቀንስ የመኝታ ሰዓት ጣፋጭ ከሁሉ የከፋ ነው።

የወይራ መፋቂያችን የሚናቅ አይደለም፤ ሲታኘክ ምራቅ ያመነጫል፣ በጥርስ ላይ የተጋገረውንም ይፍቃል። ሆኖም ፍሎራይድ ያለበትን የጥርስ ሳሙና አይተካም። በውጭ አገር ጠባቂ ባክቴሪያ ያለበት እንክብል ይሸጣል፤ እንግዳው ባክቴሪያ ግን ብዙውን ጊዜ በአፍ ውስጥ ጸንቶ ስለማይቀመጥ ለዚያ ገንዘብ ማውጣትን አንመክርም።

ለዕረፍት ወደ ኮን የምንመለስ ሁሉ ለቤተሰብ ልንነግረው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ጥርስ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ብቻ በታየ ጊዜ ጕዳቱ ገና ሊመለስ ይችላል፤ ከተቦረቦረ በኋላ ግን ጕድጓዱን የሚደፍን ባክቴሪያ የለም። ፊቱ ያበጠ ወይም ትኩሳት የያዘው ሰውም ሕመሙ ይበርድ እንደ ሆነ ሳይጠብቅ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይወሰድ።