«ደህና ነኝ፣ አታስቡ»

ልጁ ውጭ አገር ያለ ሰው የስልኩን ንግግር በቃሉ ያውቀዋል። «እማዬ፣ እንዴት ነሽ? እኔ ደህና ነኝ፣ አታስቡ። ብሩ ደረሳችሁ?» ከዚያ መስመሩ ይቋረጣል። እናት ሳምንቱን ሙሉ «ድምጿ ጎርነን አለብኝ፣ አሟት ይሆን?» እያለች ስታብሰለስል ትከርማለች። ነርስ ስለነበርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጎረቤቶቼ ይህንኑ ይጠይቁኛል። ሳላያት፣ ሳልዳስሳት፣ በድምጿ ብቻ መርምሪልን ነው ነገሩ።

ዛሬ ስለ ፊልም ልጽፍላችሁ የተነሳሁት በዚሁ ምክንያት ነው። ልጄ በፍላሽ እየጫነች ከምታመጣልኝ ፊልሞች መካከል፣ ስልኩ የሚደብቀውን ነገር ደህና አድርገው ሲያሳዩ ያየኋቸው በስፓኒሽ ቋንቋ የተሠሩት ናቸው። ቋንቋውን አላውቅም። ግን እኛ ነርሲንግ የተማርነው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ከሥር የሚጻፈውን አነባለሁ፤ ሲፈጥንብኝ አቆመዋለሁ።

ስፓኒሽ ተናጋሪዎቹ ስለ ስደት አብዝተው ቢናገሩ አይገርምም። ከጓቲማላና ከሜክሲኮ ሰው ወደ አሜሪካ ይሄዳል፤ ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ከኢኳዶር፣ ከሞሮኮና ከሴኔጋል ደግሞ ወደ ስፔን ይመጣል። ስፔን ራሷ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ልጆቿን በባቡር እየጫነች ወደ ጀርመን፣ ወደ ፈረንሳይና ወደ ስዊዘርላንድ ስትልክ ነበር። ካርሎስ ኢግሌሲያስ የተባለው ስፔናዊ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው «አንድ ፍራንክ፣ 14 ፔሴታ» በተባለ ፊልም ይህንን ያስታውሳል። ራሱ በልጅነቱ ስዊዘርላንድ ያደገ ሰው ነው። ፊልሙ ላይ ከሁሉም ያዘንኩት ቤተሰቡ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው፤ ወላጆቹ «ገባን» ሲሉ ልጁ ገና አሁን መሰደዱ ነው።

ለአያቶች አስቀድሜ የምመርጥላችሁ ግን ሜክሲኳዊቷ ፓትሪሺያ ሪገን እ.ኤ.አ. በ2007 የሠራችውን «ላ ሚስማ ሉና» ነው፤ «ያችው ጨረቃ» እንደ ማለት። ካርሊቶስ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። እናቱ ሮሳሪዮ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሰው ቤት ታጸዳለች፤ የመኖሪያ ወረቀት የላትም። ከተለያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጁን የያዙት አያቱ ናቸው። እሁድ እሁድ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሲሆን እናቱ ከመንገድ ዳር የሕዝብ ስልክ ትደውልለታለች። የምትደውልበት ቦታ ምን እንደሚመስል ትነግረዋለች፤ ፒዛ ቤቱን፣ የልብስ ማጠቢያ ቤቱን፣ ግድግዳው ላይ የተሳለውን ሥዕል። አንድ ቀን አያቲቱ ከእንቅልፋቸው ሳይነሱ ይቀራሉ። ልጁም እናቱን ፍለጋ ድንበር ሊሻገር ይወጣል። በእጁ የያዘው አድራሻ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ሆኖ ይገኛል። የሚያደርሰው በስልክ ሲሰማው የኖረው የመንገድ ጥግ ነው።

መጨረሻው ትንሽ ጣፍጦብኛል፤ እንዲያ ያለ መንገድ የወጣ ልጅ ሁሉ እንደዚያ አይገባም። ሆኖም እናትየዋ በዚያች ሳምንት የሚደርስባትን ተመልከቱ። አሠሪዋ ያለ ጥፋቷ ታባርራታለች፤ የሠራችበትን ገንዘብም አትከፍላትም። ወረቀት የሌላት ሴት ለማን ትከሳለች? ይህ ደግሞ እሁድ በስልክ የሚነገር ነገር አይደለም። እሁድ የሚነገረው «ደህና ነኝ፣ በርታ፣ ትምህርትህን ተማር» ነው።

እኔ ግን ፊልሙን ሳይ ዓይኔ የሄደው ወደ አያቲቱ ነው። የላከችው እናት ትታሰባለች፣ ልጁ ይታሰባል፤ የአሮጊቷን ግፊት የለካ ሰው የለም። እዚህም እንዲሁ ነው። ልጆቻቸው ቤይሩትና ሪያድ ያሉ፣ የልጅ ልጅ የሚያሳድጉ ስንት አያቶች የግፊትና የስኳር ክትትላቸውን «ልጁን ማን ይይዝልኛል» ብለው ሲያዘልሉ አይቻለሁ። እነሱም በስልኩ ላይ «ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። ውሸቱ ከወዲያም ከወዲህም ነው። በሙያዬ የምመክራችሁ ይህንን ነው፦ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ውጭ ያለው ልጃችሁ ይወቅ። ድንገት ብትታመሙ ሕፃኑን የሚረከበው ሰው ማን እንደሆነም ዛሬውኑ ተነጋገሩበት። ካርሊቶስን ጎዳና ላይ ያወጣው የዚህ አለመኖር ነው።

በስፔን በኩል ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ሞንቾ አርሜንዳሪስ እ.ኤ.አ. በ1990 የሠራው «የአሉ ደብዳቤዎች» ነው። በዚያው ዓመት የሳን ሴባስቲያን ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት ወስዷል። አሉ ሴኔጋላዊ ነው፤ በጀልባ ገብቶ ከእርሻ እርሻ እየዞረ ይሠራል። ስፔናዊ ስለ እሱ ሲተርክ አንሰማም፤ ታሪኩን የሚያያይዙት እሱ የሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ናቸው። ይዘው ይመልሱታል፤ ደግሞ በጀልባ ይመጣል። ፊልሙ አይለቀስበትም፣ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ የኛን ጊዜ ሰው የደብዳቤ ዘመን ያስታውሰዋል።

ከሁሉ በላይ የወደድኩት የኢሲያር ቦያይን «የሌላ ዓለም አበቦች» የተባለውን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ። ወጣቱ ሁሉ ወደ ከተማ ስለ ሄደ አንዲት የስፔን ገጠር ላጤ ወንዶች ብቻ ይቀሩባታል። ሴቶች በአውቶቡስ ይጋበዛሉ፣ ድግስ ይደገሳል። ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ፕላን በምትባል የስፔን መንደር ላጤዎቹ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥተው ሴቶች ጋብዘው ነበር። በፊልሙ ከመጡት አንዷ የዶሚኒካን ተወላጅ ፓትሪሺያ ናት፤ ሁለት ልጆች አሏት፣ የምትፈልገውም ወረቀትና የሚያርፉበት ቤት ነው። ዳሚያን የሚባል ዝምተኛ ገበሬ ታገባለች። ችግሩ ባልየው አይደለም፤ አማቲቱ ናቸው። ማድ ቤቱ የማን እንደሆነ ሳይነጋገሩበት የሚካሄደውን ጦርነት ብታዩ የሰፈራችሁን ሰው ነው የምታስታውሱት። አማቲቱ ክፉ ሴት አይደሉም። አንድ ልጃቸውን የማያውቋት፣ ቆዳዋ የጠቆረ፣ ልጆች ይዛ የመጣች ሴት ወሰደችባቸው፤ በቃ። በኋላ የቀድሞ ባሏ ነገር ወጥቶ ዳሚያን ፓትሪሺያን ሊያሰናብታት ሲል፣ አትልቀቃት የሚሉት እኚያው አሮጊት ናቸው። አማት ሆናችሁ ይህንን የምታነቡ ካላችሁ ፊልሙን ፈልጉት። በጣልያንም በአሜሪካም ልጆቻችን የባዕድ አገር ሰው አግብተዋል፤ ከዚያ በኩል ያለችውም አማት በእኛ ልጅ ላይ እንዲሁ ፊቷን አጥቁራ ይሆናል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ።

ዲዬጎ ኬማዳ ዲያስ እ.ኤ.አ. በ2013 «ላ ሃውላ ዴ ኦሮ» የሚባል ፊልም አወጣ፤ በወርቅ የተሠራ የወፍ እስር ቤት እንደ ማለት ነው። ከጓቲማላ የሚነሱ ታዳጊ ልጆች በጭነት ባቡር ጣሪያ ላይ ተሳፍረው ሜክሲኮን አቋርጠው ወደ አሜሪካ ይሄዳሉ። ያንን ባቡር ሰዉ «አውሬው» ይለዋል። ገና ሲጀምር ሳራ የምትባለው ልጅ መጸዳጃ ቤት ትገባለች። ፀጉሯን ትቆርጣለች፣ ደረቷን በጨርቅ ጠፍራ ታስራለች፣ ኮፍያ ታደርጋለች፤ ወንድ ለመምሰል። ከዚያ አንዲት ክኒን ትውጣለች። አንድም ቃል አይነገርም። ብዙ ተመልካች ክኒኗን ልብ ሳይላት ያልፍ ይሆናል፤ እኔ ፊልሙን አቁሜ ተነስቼ ውኃ ጠጣሁ። የእርግዝና መከላከያ ናት። ልጅቷ መንገድ ላይ ሊደርስባት የሚችለውን አውቃ ነው የምትነሳው።

የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል በምሠራበት ጊዜ ያላገቡ ልጃገረዶች የሦስት ወሩን መርፌ ፈልገው ይመጡ ነበር። ለምን እንደፈለጉት ስጠይቅ «መንገድ ልሄድ ነው» የሚሉ ነበሩባቸው። በሱዳንና በሊቢያ በኩል መሆኑን ለማወቅ ብዙ መጠየቅ አያስፈልግም። መርፌው እርግዝናን ለሦስት ወር ይከላከላል። ኤች አይ ቪን አይከላከልም፣ የአባላዘር በሽታን አይከላከልም፣ መደፈርን አይከላከልም። ይህንን እየነገርኳቸው ቀና ብለው ያዩኝ የነበረው አስተያየት የሳራ ነው። ደላላው ዋጋውን ሲነግራቸው ይህንን አይጨምርበትም፤ እቤት ያለ ሰውም አይጠይቅም።

ሳራን ሽፍቶች ከባቡሩ ተሳፋሪዎች መካከል ለይተው ይወስዷታል። ከዚያ በኋላ አናያትም። ምን ሆነች፣ የት ደረሰች፣ ፊልሙ አይነግረንም። አንዳንድ ሰው ይህ የፊልሙ ጉድለት ነው ይላል። እኔ አልስማማም። ልጁ ሊቢያ ገብቶ ድምፁ የጠፋበት ወላጅ የሚያውቀው ልክ ይህንኑ ነው፤ ታሪኩ መሐል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ከተነሱት ልጆች አሜሪካ የሚገባው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ሥጋ ፋብሪካ ውስጥ ወለል ላይ የወደቀ ቁርጥራጭ ሲለቅም እናገኘዋለን። ዳይሬክተሩ ፊልሙን የሠራው ከብዙ መቶ ስደተኞች ቃል ሰብስቦ ነው፤ ያስታውቃል።

አንዳንዶቹ ፊልሞች ደግሞ ስደተኛውን ለሌላ ሰው ታሪክ ማሟያ ያደርጉታል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የአሌሃንድሮ ኢኛሪቱ «ቢዩቲፉል» ዝነኛ ነው፤ ዋናው ተዋናይ ሃቪየር ባርዴም ባርሴሎና ውስጥ ስደተኞችን ከሥራ እያገናኘ የሚኖር፣ ካንሰር የያዘው አባት ሆኖ ይጫወታል። ቻይናውያኑ ሠራተኞች ተቆልፎባቸው ምድር ቤት ነው የሚያድሩት። ብርዳቸው አሳዝኖት ርካሽ የጋዝ ማሞቂያ ይገዛላቸዋል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ሁሉም ሞተዋል፤ ልጆቹን ትጠብቅለት የነበረችው ሊ ሳትቀር። ከዚያ በኋላ ካሜራው የሚከተለው የእሱን ጸጸት ነው። ከሟቾቹ በቅጡ የምናውቃት ሊን ብቻ ነው፤ የሌሎቹ እናቶች የስንተኛውን ቀን ስልክ እየጠበቁ እንደሆነ የጠየቀ የለም። በ2020 የወጣው «አዱ» ላይም ይኸው ይታያል። የስድስት ዓመቱ ካሜሩናዊ ሕፃን ጉዞ ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን ከሴት ልጁ ጋር የተኳረፈ ስፔናዊ አባት መሐል እየገባ ሰዓቱን ይሻማዋል።

(ማሞቂያውን ካነሳሁ አይቀር፣ ገዳዩ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ አይሸትም፣ አይታይም። የኛ ከሰልም ያው ነው። በክረምት ምድጃ ወደ መኝታ ክፍል አስገብታችሁ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና ድካም ሲጀምራችሁ በሩን ከፍታችሁ ወደ ነፋስ ውጡ፤ ራሱን የሳተ ሰው ካለ አውጡትና ኦክስጅን ወደሚያገኝበት ሆስፒታል አድርሱት። ውጭ ላሉት ልጆቻችሁም በሚቀጥለው ስልክ ንገሯቸው።)

የመጨረሻው «ሮማ» ነው፤ አልፎንሶ ኩዋሮን እ.ኤ.አ. በ2018 የሠራው። ሦስት ኦስካር ወስዷል። ሮማ የጣልያኗ ከተማ አይደለችም፤ ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያለች ሰፈር ናት። ክሊዮ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት የምትሠራ የሚክስቴክ ብሔረሰብ ልጅ ናት። ድንበር አልተሻገረችም፤ ግን ቋንቋዋን፣ እናቷን፣ አገሯን ትታ መጥታለች። ስደት አይደለም የሚለኝ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ።

አንድ ቦታ ቤተሰቡ ማታ ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ያያል። ክሊዮ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ትላለች። ትንሹ ልጅ አቀፍ ያደርጋታል፣ አብራ ትስቃለች። ወዲያው እመቤቲቱ «ለዶክተሩ ሻይ አምጪለት» ትላታለች፤ ትነሳለች። ሌላ ምንም የለም። ማንም አልሰደባትም፣ ማንም አልመታትም። በኋላ የሞተ ልጅ ትወልዳለች። ማዋለጃ ክፍሉን ሳይ ትንፋሼን ይዤ ነው የቆየሁት፤ ሕፃኗን ለመመለስ የሚደረገው ሙከራ፣ ለእናቲቱ ለአንድ አፍታ ማሳቀፉ፣ ከዚያ መገነዙ፣ ሁሉም እንደ ሥራው ነው የተሠራው። ክሊዮን የተጫወተችው ያሊትሳ አፓሪሲዮ ለሙአለ ሕፃናት መምህርነት የተማረች፣ ከዚያ በፊት ትወና የማታውቅ ልጅ ናት፤ ለኦስካር ታጨች። ፊልሙ በወጣበት ወቅት የሜክሲኮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የቤት ሠራተኞችን ከማኅበራዊ ዋስትና ማስቀረት መድልዎ ነው ብሎ ወሰነ፤ በ2019ም ሕጉ ተሻሻለ። ፊልሙ ብቻውን አመጣው አልልም፤ ሠራተኞቹ ለዓመታት ታግለውበታል።

እኛ ቤይሩት ስላለችው ልጃችን ስናለቅስ ሻይ የምታቀርብልን ልጅ ከየት እንደመጣች፣ እናቷ ጋ በስንት ጊዜዋ እንደምትደውል እናውቃለን? ስትደውልስ ምን ትላለች? «ደህና ነኝ» ነው።

ከልጆች ጋር ለማየት ለምትፈልጉ፦ «ላ ሚስማ ሉና» ከአሥር ዓመት በላይ ላለ ልጅ ይሆናል። «ላ ሃውላ ዴ ኦሮ» ግድያ አለበት፤ አሥራ ስድስት ዓመት ሞልቶት «ልሂድ» የሚል ልጅ ያለው ሰው ግን አብሮት ቁጭ ብሎ ቢያየው አይከፋም። «ቢዩቲፉል» ለአዋቂ ብቻ ነው። «ሮማ» አንድ ራቁት ሰው የሚታይበት ቦታ አለውና ልጆቹን አስተኙ፤ ሠራተኛችሁን ግን ጥሩና አብራችሁ ተቀመጡ። ሻዩን ቀድማችሁ አፍሉት።