ስለ ብጉር፤ ይልቁንም በአዋቂ ሴት ፊት ላይ ስለሚወጣው

ብጉር የኮረዳና የጎረምሳ ነገር ነው ሲባል ስለ ኖረ፣ ሃያ አምስት ወይም ሠላሳ ዓመት የሞላት ሴት ፊቷ በብጉር ሲሸፈን ቤተ ሰቧ ይደነግጣል። አንዱ «ምች መትቷት ነው» ብሎ ዳማከሴ ይጨምቃል፤ ሌላው «የሰው ዓይን ነው» ይላል፤ ትልልቅ እናቶችም «ግዴለም፣ ስታገቢ ይለቅሻል» እያሉ ያጽናናሉ። ሦስቱም ልክ አይደለም። ያገቡትም የወለዱትም ሴቶች ብጉር ይወጣባቸዋል። ብጉር የቆዳ በሽታ ነው፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ሕክምናም አለው። ከብጉሩ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ለብጉር ተብሎ የሚቀባው ነገር ነው።

ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳር የሚገኝ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ የጀመረ፣ ልብስ እየተሰፋ ወደ ውጭ አገር የሚላክበት ስፍራ ነው። በስፌት መኪናው ፊት የሚቀመጡት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም ከገጠር የመጡ ናቸው። ምናልባት የእናንተም ልጅ ከነዚያ አንዷ ትሆናለች። ደመወዙ ብቻውን ቤት ስለማያከራይ፣ ሁለትም ሦስትም ሆነው በአንድ ክፍል ያድራሉ። በእንዲህ ያለ ኑሮ የአንዷ ቅባት የሁሉም ቅባት ይሆናል።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። ልጅቱ ብጉር ይወጣባታል። የምታውቃት ሴት «ይሄ ፊት ያጠራል» ብላ አንድ ቅባት ትሰጣታለች። ልጅቱ ተቀብታው በጥቂት ቀን ውስጥ ቅላቱ ይጠፋል፤ ፊቷም ይለሰልሳል። ደስ ይላታል። ለዓመት በዓል ወደ አገሯ ስትመጣ ለእኅቷም ለእናቷም ይዛ ትመጣለች። ነገር ግን በዚያ ቅባት ውስጥ ብዙ ጊዜ ያለው ስቴሮይድ የተባለ ብርቱ መድኃኒት ነው። በካርቶኑ ላይ ቤታሜታዞን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታሶን ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱም ከነጭራሹ ምንም አልተጻፈበትም። ሐኪም ለሌላ የቆዳ በሽታ፣ ለተወሰነ ቀን ሲያዘው ይጠቅማል። በፊት ላይ በየቀኑ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳውን ያሳሳዋል፤ ደም ሥሮቹ እንደ ቀይ ክር ይታያሉ፤ በጉንጭ ላይ ጠጉር ይበቅላል፤ ፀሐይና የምድጃ ወላፈን ያቃጥላል፤ ብጉሩም ከቀድሞው በዝቶ ይመለሳል።

ክፉው ወጥመድ ደግሞ ይኸውላችሁ። ልጅቱ ፈርታ ቅባቱን ስትተው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊቷ ይቀላል፤ ያብጣል፤ ያሳክካል። ያን ጊዜ «አየሽ፣ ቅባቱን ስለ ተውሽ ነው!» ትባላለች፤ እርሷም እንደ ገና ትጀምራለች። ፊቷን ያሳመመው ያው ቅባት ነው እኮ! ስለዚህ ፊቷ እስኪያገግም ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚወስድ አውቃችሁ አበርቷት እንጂ መልሳችሁ አታስቀቧት። ብዙ ጊዜ የተቀባችው እንደ ሆነ፣ በምን አኳኋን እንደምትተወው ሐኪም ይንገራት። ያንኑ ቅባት ለሕፃን ሽፍታ የምታውሉ እናቶችም ተጠንቀቁ፤ የሕፃን ቆዳ ስስ ነውና መድኃኒቱ ወደ ደሙ ይገባል። አንዳንዱ የፊት ማቅያ ደግሞ ባዜቃ አለበት፤ እርሱም ኩላሊት ይጎዳል።

አሁን ብጉር ከየት እንደሚመጣ እንይ። በፊታችን ቆዳ ውስጥ ወዝ የሚያመነጩ ጥቃቅን ዕጢዎች አሉ። ወዙ በቀዳዳ እየወጣ ቆዳውን ያለሰልሳል። ሆርሞን የተባለው፣ በደም የሚዘዋወር ነገር ሲያነሣሣቸው ዕጢዎቹ ወዝ ያበዛሉ፤ የሞተ ቆዳም ከወዙ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን እንደ ጀበና ውታፍ ይደፍነዋል። ከውስጥ ተሕዋስያን ይራቡበታል፤ ይቀላል፤ መግል ይይዛል። ጥቁር ሆኖ የሚታየው ነጥብም እድፍ አይደለም፤ አየር ያገኘው ወዝ ነው የጠቆረው። ስለዚህ በልብስ ሳሙና ቢፈትጉት አይለቅም፤ ቆዳውን ማቁሰል ብቻ ነው።

በአዋቂ ሴት ላይ ብጉሩ አብዛኛውን ጊዜ በአገጭና በመንጋጋ ዙሪያ ይወጣል፤ የወር አበባ ሊመጣ ሲልም ይብሳል። የወር አበባዋ ከተዛባና በአገጯ ጠጉር ከበዛ፣ የሆርሞን መታወክ ሊሆን ስለሚችል ትመርመር። የወሊድ መከላከያ መርፌ ወይም በክንድ የሚቀበረው በአንዳንዶች ላይ ብጉር ያባብሳል። ቢሆንም በራስ ፈቃድ አይቋረጥም፤ ለጤና ባለሙያ ነግሮ ሌላ ዓይነት መምረጥ ይቻላል።

ፊትን ጧትና ማታ፣ እንዲሁም ካላበው በኋላ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ መታጠብ ይበቃል። ፎጣ ለየራስ ይሁን። ቅቤ የምትቀቡ ሁሉ ልብ በሉ፤ በፀሐይ ቀልጦ ግንባር ላይ የሚወርደው ቅቤ ቀዳዳ ይደፍናል፤ ግንባር ላይ የሚደረደረው ጥቃቅን ብጉር ብዙ ጊዜ የእርሱ ሥራ ነው። ቅቤውን ተዉ አንልም፤ ከግንባር ይራቅ፣ ሻሹም ይታጠብ። በፋብሪካ ቀኑን ሙሉ አፍና አፍንጫዋን የምትሸፍን ልጅም መሸፈኛዋን በየቀኑ ትጠብ ወይም ትለውጥ፤ ላብና ፍትጊያ ብጉር ያስነሣሉና። ሎሚ፣ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙና ቆዳ ይልጣሉ። መጭመቅም አይገባም፤ መግሉን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ በእኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ጥቁር ምልክትና ጠባሳ ያስቀራል።

ከመድኃኒቶቹ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ቤንዞይል ፔርኦክሳይድ ነው፤ 2.5 ወይም 5 በመቶ የሆነው ይበቃል። ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር በሚወጣበት ስፍራ ሁሉ ስስ አድርጎ መቀባት ነው። ጨርቅ ያነጣልና ሳይደርቅ ነጠላ አትከናነቡ፤ ጥለቱ ይበላሻል። ማታ ማታ የሚቀባ አዳፓሊን የሚባልም አለ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያደርቃል፣ ይለበልባል፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ዝለል ይጀመራል። ብጉሩ ብርቱ ከሆነ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን የተባለ እንክብል ለሦስት ወር ያህል፣ ከሚቀባው ጋር አድርጎ ይሰጣል። ለውጥ የሚታየው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። በሐምሌ የተዘራ ጤፍ በነሐሴ አይታጨድምና በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መጣል ገንዘብን ማባከን ነው።

እርጉዝ ሴት ግን አዳፓሊንም ዶክሲሳይክሊንም አትጠቀም። ለጽኑ ብጉር የሚሰጠው አይዞትሬቲኖይን የተባለው እንክብል ደግሞ በማኅፀን ያለውን ልጅ እጅግ ያጎድላል። የምትወስደው ሴት ከመጀመሯ አንድ ወር በፊት፣ በምትወስድበት ጊዜና ካቆመችም በኋላ አንድ ወር ማርገዝ የለባትም። ይህን እንክብል ከጓደኛ መቀበል ፈጽሞ አይገባም።

በፊት ላይ ያለ ሁሉ ብጉር አይደለም። አንድ ቁስል ለወራት ሳይድን እየሰፋ ከሄደ ቁንጭር ሊሆን ይችላል፤ መልኩ ለውጦ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ የሥጋ ደዌ ሊሆን ይችላል። ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፤ ሲዘገይ ግን ምልክት ይተዋሉ። በመጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ከዚያ የሚበልጥ ሕክምና ካስፈለገ፣ በወሎ ያላችሁ በደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና አለው። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና የተቋቋመው የአዲስ አበባው አለርትም ዛሬ ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያክማል፤ ከቦሌ ለሚ የከተማው ሌላ ማዶ ነውና ልጃችሁ አስቀድማ በሠፈሯ ጤና ጣቢያ ታይታ ወረቀት ትያዝ። ስትሄድም ስትቀባው የቆየችውን ቅባት ከነካርቶኑ ይዛ ትሂድ፤ ባለሙያው ስሙን አንብቦ ምን እንደ ሆነ ይነግራታል።