ጥርስ ያለው ሰነድ

ቴምብር ማሰባሰብ ለተማሪ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ይታያል። ለእኔ ግን ማስረጃ መመርመርን ከሚያስተምሩ ሥራዎች አንዱ ነው፤ ምስክሮቼም የአገራችን የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ አገልግሎት ካቋቋሙ በኋላ ሥራ ላይ የዋሉት ሰባቱ ቴምብሮች ፓሪስ የታተሙ ናቸው። አራቱ የንጉሠ ነገሥቱን ምስል፣ ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ ይዘዋል፤ ጽሑፋቸው አማርኛ ብቻ ነው። በ1893 ዓ.ም. ግን የአገሪቱ ስም በፈረንሳይኛ ታተመባቸው። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ «ቦስታ» የሚል የአማርኛ ማኅተም አረፈባቸው፤ ዛሬ «ፖስታ» የምንለው ቃል ያኔ እንዲህ ይጻፍ ነበር። እነዚህን በተርታ የደረደረ ልጅ «የላቲኑ ፊደል ለማን አስፈለገ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱን ሲፈልግ፣ ኢትዮጵያ በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል እስክትሆን ድረስ ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ ፈረንሳይ በያዘችው በጂቡቲ በኩል ሲያልፍ የዚያን ቴምብር ጭምር ይለጠፍበት እንደነበር ይደርስበታል። የሉዓላዊነት ትምህርት ከዚህ በላይ በእጅ የሚዳሰስ አይሆንም።

«ደብዳቤ በቴሌግራም በተተካበት ዘመን ቴምብር ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም በየመሥሪያ ቤቱ የቆዩ ፋይሎች ሲጸዱ ፖስታዎቹ ከነቴምብራቸው እየተጣሉ ስለሆነ፣ መሰብሰብ ያለበት አሁን ነው። እኛ አገር ደብዳቤ የሚደርሰው ቤት ሳይሆን ፖስታ ሳጥን ነውና፣ የአዲስ አበባው የጌጃ ሰፈር ተማሪ በቅድሚያ የሳጥን ቁልፍ የያዙ ዘመዶቹንና ጎረቤቶቹን ይጠይቅ። ቸርችል ጎዳና ያለው ዋናው ፖስታ ቤትም በሜክሲኮ በኩል ሩቅ አይደለም። ወጪው ያሳስባል ለሚሉም፣ ያገለገለ ተራ ቴምብር ከጓደኛ ጋር በመለዋወጥ ይገኛል፤ ለጀማሪ አልበም ደብተር ይበቃል። ምስሉ ስልክ ላይ አለ መባሉ ግን አያሳምነኝም፤ ስልኩ የቴምብሩን ሥዕል ያሳያል እንጂ እጅ የገባችውን የዚያችን አንዷን ቴምብር ጉዞ አያሳይም።

አነሳሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቴምብሩ ዙሪያውን ከነወረቀቱ ተቆርጦ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሙጫው ሲለቅ በራሱ ይንሸራተታል። የጠርዙ ጥርስ እንዳይቀደድ በወረንጦ ተነሥቶ በነጭ ወረቀት መካከል ይደርቃል፣ መጽሐፍም ይጫነዋል። የከተማው ስምና ቀኑ የሚነበብ ማኅተም ያረፈበት ከሆነ ግን ውኃ አይንካው፤ ከነፖስታው ይቀመጥ።