ከእጅ መንቀጥቀጥ በፊት የዘገየው አንጀት
የፓርኪንሰን ሕመም ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሚንቀጠቀጥ እጅንና ያዘገመ እርምጃን ነው። ይሁንና በርካታ ሕሙማን እነዚህ ምልክቶች ከመታየታቸው ከዓመታት በፊት በሆድ ድርቀት ይሠቃያሉ። ሕመሙ ስሙን ያገኘባቸው እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ባሳተሙት ጽሑፍ የሕሙማኑ አንጀት እንደሚዳከም ጠቅሰው ነበር።

የአንጀት ግድግዳ ከ100 ሚሊዮን በላይ የነርቭ ሕዋሳት አሉት። ምግብ እየገፉ የሚያሳልፉትን ጡንቻዎች የሚያዝዙትም እነርሱ ናቸው። በሕሙማን አንጎል የሚከማቸው አልፋ ሲኑክሊን የተባለው ፕሮቲን በእነዚህ ሕዋሳትም ውስጥ ተገኝቷል። የሟች ሕሙማንን አንጎል ያጠኑት ጀርመናዊው ሃይኮ ብራክ፣ ሕመሙ ከአንጀት ተነሥቶ ቬገስ በተባለው ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ሊወጣ ይችላል የሚል መላ ምት ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ2003 ነበር።

ይህንን በሰው ላይ መሞከር ስለማይቻል ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ አይጦች አዞሩ። የመለኪያው ዘዴ ቀላል ነው፤ አይጧ ቀይ ቀለም እንድትውጥ ይደረግና ዐይነ ምድሯ እስኪቀላ የሚወስደው ጊዜ ይቆጠራል። አለዚያም ትንሽ የብርጭቆ ዶቃ ወደ ደንዳኔዋ ገብቶ እስክታስወጣው ይጠበቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በወጣ ጥናት፣ የተዛባውን የሰው አልፋ ሲኑክሊን ዘረ መል እንዲሸከሙ የተደረጉ አይጦች አንጎላቸው ላይ ለውጥ ከመታየቱ በፊት አንጀታቸው ታወከ። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ የጆንስ ሆፕኪንስ ተመራማሪዎች የተጣመመውን ፕሮቲን በአይጦች የጨጓራ መውጫና በቀጭኑ አንጀት መነሻ ጡንቻ ላይ ወጉ። ችግሩ ደረጃ በደረጃ ወደ አንጎል ተዛመተ፤ የቬገስ ነርቫቸው በተቆረጠባቸው አይጦች ላይ ግን አልተዛመተም።

አይጥ ግን ሰው አይደለችም። በቤተ ሙከራ በዘረ መል ወይም በመርፌ የሚፈጠረው ሕመም በሰው ላይ አሥርተ ዓመታት የሚፈጀውን ሂደት ሙሉ በሙሉ አይተካም። ዛሬ ብዙ ተመራማሪዎች ሕመሙ በአንዳንዶች ከአንጀት፣ በሌሎች ደግሞ ከአንጎል ሊጀምር እንደሚችል ያስባሉ።

ለታማሚው ግን የአንጀቱ ነገር ከወዲሁ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። ዋነኛው መድኃኒት ሌቮዶፓ ወደ ደም የሚገባው በቀጭኑ አንጀት ነው፤ ጨጓራ ሥራውን ሲያዘገይ ክኒኑ እዚያው ይቆያል፤ ሰውነትም ሳይፍታታ ይውላል። የሆድ ድርቀት ብቻውን የፓርኪንሰን ማስረጃ አይደለም፤ መንሥኤው ብዙ ነው። ሕመሙ ላለበት ሰው ግን ለሐኪሙ ሊነግረው እንጂ በኀፍረት ሊደብቀው የሚገባ ጉዳይ አይደለም።